በሬው ገበሬውን ሲሸጥ፡- የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አሠራርና ዓይነቶች

ሥልጠናችንን ፈጽመን ከዚህ ተቋም ስንወጣ ገሚሶቻችን ወደ ግሽ ዓባይና ወደ ሰከላ ደጋ፣ ገሚሶቻችን ወደ ቡሬና ወደ ወምበርማ፣ የቀረነው ደግሞ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወዳሉት የጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች መሄዳችን አይቀርም። ቦታው ይለያይ እንጂ የሚጠብቀን ችግር አንድ ነው። ተማሪው የእንግሊዝኛ ቃል ያውቃል፤ «ኦክስ» በሬ፣ «ፋርመር» ገበሬ፣ «ሴል» መሸጥ መሆኑን በቃሉ ይወጣዋል። እስቲ ቃላቱን አገጣጥመህ ተናገር ሲባል ግን ዝም ይላል፤ ወይም በሬው ገበሬውን እንዲሸጥ ያደርገዋል። ለምን? የዚህን መልስ ካላወቅን በደብተሩ ላይ ቀይ ጭረት ከመሳብ በቀር የምናደርግለት ነገር የለም።

ጉዳዩ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ይህም ማለት አንድ የሰከላ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ይመጣለታል ማለት ነው። መጠቅለያውን መፍታት ያልቻለ ልጅ ውስጡ ያለውን አያገኘውም። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን ጥያቄው ምን እንደሚል ያልገባው ተፈታኝ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ምን ይጠቅመዋል? የዐረፍተ ነገር ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ በታችኛው ክፍል፣ በእኛ እጅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደሚሠራና ስንት ዓይነት እንደሆነ ከአማርኛው ጋር እያነጻጸርን እናያለን። ጋዜጣችን በአማርኛ የሚጻፍ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ምሳሌ እንደ ድምፁ በፊደላችን አስፍረነዋል። ስታነቡ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስታስተምሩ ግን በራሱ ፊደል ጻፉት።

ሀ/ አማርኛ በምልክት፣ እንግሊዝኛ በቦታ

የሁለቱን ቋንቋዎች ዋና ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ማየት ይቻላል። «ገበሬው በሬውን ሸጠ» እንላለን። ደግሞም «በሬውን ገበሬው ሸጠው» ብንል ነገሩ አይለወጥም፤ ሻጩ ያው ገበሬው፣ የተሸጠውም ያው በሬው ነው። ይህን ነፃነት የሰጠን ምንድን ነው? «በሬውን» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ናት። ተሳቢው ምልክቱን ይዞ ስለሚዞር የትም ቢቆም ይታወቃል።

እንግሊዝኛ እንዲህ ዓይነት ምልክት በስም ላይ አያደርግም። «ዘ ፋርመር ሶልድ ዘ ኦክስ» ሲል ፋርመርን ባለቤት ያደረገው ከግሱ በፊት መቆሙ፣ ኦክስንም ተሳቢ ያደረገው ከግሱ በኋላ መቆሙ ብቻ ነው። ቦታቸውን ብናለዋውጥና «ዘ ኦክስ ሶልድ ዘ ፋርመር» ብንል አንድም ፊደል ሳይጨመር በሬው ገበሬውን ገበያ አውጥቶ ሸጠው ማለት ይሆናል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ተራ ማለት ትርጉም ማለት ነው። ተማሪው ይህን አንድ ነገር ከተረዳ የመንገዱን ግማሽ ሄዷል።

ከዚህ ዋና ልዩነት ሌሎች አራት ይከተላሉ።

1ኛ. የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ የእንግሊዝኛው ግስ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ መሐል ላይ ይገባል። ልጁ «ዘ ፋርመር ዘ ኦክስ ሶልድ» ብሎ ቢጽፍ ቃላቱን ያሰለፈው በአማርኛ ሥርዓት ነው።

2ኛ. በአማርኛ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ ስላለ አንድ ቃል ብቻውን ዐረፍተ ነገር ይሆናል። «መጣች» ብንል ሴት መሆኗንም፣ አንዲት መሆኗንም፣ ድርጊቱ ማለፉንም ነግረናል። በእንግሊዝኛ «ኬም» ብቻውን ማን እንደመጣ አይናገርም፤ «ሺ ኬም» ማለት ግድ ነው። እንዲያውም ባለቤት በሌለበት ቦታ እንኳ እንግሊዝኛ ወንበሩን ባዶ አይተውም። «ዘነበ» ለማለት «ኢት ሬይንድ»፣ «በግሽ ምንጭ አለ» ለማለት «ዜር ኢዝ ኤ ስፕሪንግ አት ግሽ» ይላል። እዚህ «ኢት»ም «ዜር»ም የባለቤቱን ቦታ የሚጠብቁ ናቸው እንጂ የሚያመለክቱት ነገር የለም።

3ኛ. ገላጩ ሐረግ በአማርኛ ከስሙ ይቀድማል፤ «ከቡሬ የመጣው መምህር ታሟል» እንላለን። እንግሊዝኛ ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል፤ «ዘ ቲቸር ሁ ኬም ፍሮም ቡሬ ኢዝ ሲክ»። ረዥም የመማሪያ መጽሐፍ ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ተማሪው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «ቡሬ ኢዝ ሲክ» የሚለውን ብቻ ነጥሎ ይወስድና የታመመው ቡሬ ይመስለዋል። የታመመው ግን ራቅ ብሎ የተቀመጠው ቲቸር ነው።

4ኛ. ባለቤት የምናደርገው ነገር ራሱ ይለያያል። «ራበኝ» ስንል ሰውየው ራብ የደረሰበት ነው እንጂ አድራጊ አይደለም። በእንግሊዝኛ ግን «አይ አም ሀንግሪ» ተብሎ ራሱ ሰውየው ባለቤት ይሆናል። «በረደኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ጠማኝ» ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ቃል በቃል የመለሰ ተማሪ እዚህ ላይ መሳቱ አይቀርም።

ለ/ አምስቱ አጥንቶች

የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ሥጋው ሲገፈፍ አጥንቱ በአብዛኛው ከነዚህ ከአምስቱ አንዱ ነው።

1. ባለቤትና ግስ፡- «ሬይን ፌል» (ዝናብ ወረደ)።

2. ባለቤት፣ ግስና ተሳቢ፡- «ፋርመርስ ግሮው ፔፐር» (ገበሬዎች በርበሬ ያመርታሉ)።

3. ባለቤት፣ ግስና ማሟያ፡- «ዘ ወተር ኢዝ ኮልድ» (ውሃው ቀዝቃዛ ነው)። እዚህ ላይ «ኮልድ» ተሳቢ አይደለም፤ ያው ውሃው ነው። ልጆች «ኢዝ»ን ዘለው «ዘ ወተር ኮልድ» ብለው ቢጽፉ ወዲያው እናርማቸው፤ አማርኛው ያለ «ነው» እንደማይቆም ሁሉ እንግሊዝኛውም ያለ «ኢዝ» አይቆምም።

4. ባለቤት፣ ግስ፣ ተቀባይና ተሳቢ፡- «ዘ ቲቸር ጌቭ ዘ ገርል ኤ ቡክ» (መምህሩ ለልጅቷ መጽሐፍ ሰጣት)። ተቀባይዋ ከተሳቢው ቀድማ ከመጣች የአማርኛውን «ለ» የሚተካ ቃል አያስፈልግም። ወደ ኋላ ከሄደች ግን «ቱ» ትቀድማታለች፤ «ዘ ቲቸር ጌቭ ኤ ቡክ ቱ ዘ ገርል»።

5. ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢና የተሳቢው ማሟያ፡- «ዘይ ኮልድ ዘ ታውን ፍኖተ ሰላም» (ከተማዋን ፍኖተ ሰላም አሏት)።

ጊዜን፣ ቦታንና ሁኔታን የሚገልጹ ቃላት በነዚህ አጥንቶች ላይ የሚጨመሩ ናቸው። «ፋርመርስ ግሮው ፔፐር ኒር ቡሬ» ብንል አጥንቱ ያው ሁለተኛው ነው። ተማሪው ረዥም ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው «መጀመሪያ ግሱን ፈልግ፤ ከዚያ ማን? በል፤ ከዚያ ምንን? በል» ብንለው ከመደናገር ይድናል።

ሐ/ በአገልግሎት የሚለዩት አራት ዓይነቶች

ዐረፍተ ነገር ለምን እንደተነገረ ስናይ አራት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን።

ሐተታዊ ዐረፍተ ነገር ነገሩን ይናገራል። «ዘ ገርል ኬም» (ልጅቷ መጣች)። ሲያፈርስም «ዘ ገርል ዲድ ኖት ከም» (ልጅቷ አልመጣችም) ይላል።

መጠይቃዊ ዐረፍተ ነገር ይጠይቃል። በአማርኛ «ልጅቷ መጣች?» ብሎ ድምፅን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ቃል ከቦታው አይነቃነቅም። በእንግሊዝኛ ግን ረዳቱ ግስ ተነሥቶ ከባለቤቱ ፊት ይቆማል። «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር» የነበረው «ኢዝ ሺ ኤ ቲቸር?» ይሆናል። ረዳት ግስ ከሌለ ደግሞ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ይመጣል፤ «ዲድ ዘ ገርል ከም?»። እዚህ ላይ ሁላችንም በክፍል የምንሰማው ስሕተት አለ፤ «ዲድ ዘ ገርል ኬም?» የሚለው። ስሕተት የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ተሸክሞታል፤ አንድን ሸክም ሁለት ሰው በየራሱ አይሸከመውም። ስለዚህ ዋናው ግስ ወደ «ከም» ይመለሳል። ለተማሪው «ትክክሉ እንዲህ ነው» ከማለት ይልቅ ይህን ምክንያት ብንነግረው በሚቀጥለው ግስ ራሱ ያገኘዋል።

በመልስ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። «አልመጣችም?» ተብሎ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ «አዎ፣ አልመጣችም» ሊል ይችላል፤ አዎ ያለው የጠያቂውን አባባል ትክክል ነህ ሲል ነው። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ ከድርጊቱ ጋር ይሄዳል፤ ካልመጣች «ኖ»፣ ከመጣች «የስ» ነው። ተማሪያችን «የስ» ብሎ ሳለ ፈረንጁ ሌላ ነገር የሚረዳው በዚህ የተነሣ ነው።

ትእዛዛዊ ዐረፍተ ነገር ያዛል፤ ይለምናል። በአማርኛ ሂድ፣ ሂጂ፣ ሂዱ፣ ይሂዱ እያልን ወንዱን ከሴቷ፣ አንዱን ከብዙው፣ ታናሹን ከታላቁ እንለያለን። በእንግሊዝኛ ለሁሉም «ጎ» ነው፤ ባለቤቱም አይነገርም። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ሳይጠራ ግሱን ብቻውን ለተሟላ ዐረፍተ ነገር የሚያቆመው በተለይ እዚህ ነው። ታዲያ አክብሮቱ የት ገባ? በ«ፕሊዝ» ይመጣል፤ ወይም ትእዛዙ በጥያቄ መልክ «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዶር?» ተብሎ ይቀርባል። በአገራችን ልማድ ለእንግዳና ለሽማግሌ አንቱ ማለትን ያስተማርነው ልጅ የእንግሊዝኛውንም አክብሮት አብሮ ቢማር መልካም ነው።

አጋናኝ ዐረፍተ ነገር መደነቅን ወይም መገረምን ያሳያል። «ውሃው እንዴት ይቀዘቅዛል!» ለማለት «ሀው ኮልድ ዘ ወተር ኢዝ!» ይባላል። አሁን «ኢዝ»ን ከፊት እናምጣት፤ «ሀው ኮልድ ኢዝ ዘ ወተር?» ይሆናል፤ ይህም «ውሃው ምን ያህል ቀዝቃዛ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ያው አምስት ቃል ነው፤ የአንዷ ቃል ቦታ ዓይነቱን ለወጠው። ከላይ ተራ ትርጉም ነው ያልነው እዚህም ይሠራል።

መ/ በአወቃቀር የሚለዩት አራት ዓይነቶች

አንድ ነገር እየጨመርን ብንሄድ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

ነጠላ፡- «ዘ ሪቨር ሮዝ» (ወንዙ ሞላ)። አንድ ባለቤት፣ አንድ ግስ።

ድርብ፡- «ኢት ሬይንድ ኤንድ ዘ ሪቨር ሮዝ» (ዘነበ፤ ወንዙም ሞላ)። ሁለቱም ለየብቻ መቆም የሚችሉ ናቸው፤ በ«ኤንድ»፣ በ«በት»፣ በ«ኦር» ወይም በ«ሶ» ይያያዛሉ።

ውስብስብ፡- «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ዘ ሪቨር ሮዝ» (ስለዘነበ ወንዙ ሞላ)። የመጀመሪያው ክፍል ጥገኛ ነው፤ ብቻውን አይቆምም።

ድርብ ውስብስብ፡- «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ዘ ሪቨር ሮዝ ኤንድ ዊ ስቴይድ አት ሆም» (ስለዘነበ ወንዙ ሞላና ቤት ቀረን)።

በዚህ ክፍል አማርኛ ተናጋሪውን የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ከብቶቹን አሰማርቶ፣ ትምህርት ቤት ሄደ» ስንል ሦስቱ ግሶች ቦዝ ናቸው፤ የሚያስራቸው የመጨረሻው «ሄደ» ነው። እንግሊዝኛ በዚህ መልክ የሚያንጠለጥለው ግስ ስለሌለው ተማሪው ወይ «ኤንድ፣ ኤንድ፣ ኤንድ» እያለ ገጹን ይሞላዋል፤ ወይ ግሱን ሳያስር ነጥብ ያደርጋል። መፍትሔው ሰንሰለቱን መቆራረጥ ነው። እያንዳንዱን ግስ ጊዜውን አልብሶ፣ ሁለት ሁለቱን ማያያዝ፤ «ሂ ጎት አፕ ኤንድ ዎሽድ ሂዝ ፌስ። አፍተር ሂ ቱክ ዘ ካትል አውት፣ ሂ ዌንት ቱ ስኩል።» በዚህ ዐይነት ንባቡም ትንፋሽ ያገኛል።

ሁለተኛው የመስተጻምሩ ቦታ ነው። አማርኛ «ስለ»ን ከግሱ ላይ ይለጥፋታል፤ «ስለዘነበ»። እንግሊዝኛ «ቢኮዝ»ን ከጥገኛው ክፍል መጀመሪያ፣ ከባለቤቱም በፊት ያደርጋታል። ጥገኛው ክፍል መቅደምም መከተልም ይችላል። ነገር ግን «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ብሎ በነጥብ መዝጋት፣ በአማርኛ «ስለዘነበ» ብሎ አራት ነጥብ እንደ ማድረግ ነው። ሰሚው «እህ፣ ስለዘነበ ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ድርብ ማያያዣ ነው። «ምንም እንኳ ቢደክመውም፣ ነገር ግን ሠራ» ማለት በንግግራችን የተለመደ ነው። ከዚህ የተነሣ ልጆች «ኦልዞው ሂ ዎዝ ታይርድ፣ በት ሂ ዎርክድ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፈቅዳል፤ ወይ «ኦልዞው»፣ ወይ «በት»።

ሠ/ ሰዋስው ያለፈውና እውነት ያላለፈው ዐረፍተ ነገር

የአካባቢያችን ታሪክ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። «ብሩስ ዲስከቨርድ ዘ ሶርስ ኦፍ ዘ ብሉ ናይል» የሚል ዐረፍተ ነገር በልዩ ልዩ መጻሕፍት ይገኛል። አሁን እንመርምረው። በአገልግሎቱ ሐተታዊ፣ በአወቃቀሩ ነጠላ፣ አጥንቱም ሁለተኛው ነው፤ ብሩስ ባለቤት፣ ዲስከቨርድ ግስ፣ የቀረው ተሳቢ። በሰዋስው በኩል አንድም ጉድለት የለበትም።

እውነቱስ? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው፤ መጽሐፉንም በ1790 አሳተመ። ነገር ግን እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ማለትም ከብሩስ 152 ዓመት ቀድሞ ምንጩን አይቶታል። ከሁለቱም በፊት ደግሞ የሰከላ ሰው ጸበሉን ሲጠጣና ሲጠመቅበት ኖሯል። ዓባይ ከግሽ ተነሥቶ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና እንደሚገባ ለማወቅ ፈረንጅ እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም። ስለዚህ ልጆቻችን ዐረፍተ ነገሩን ሲያነቡ «ባለቤቱ ማነው?» ከማለት አልፈው «ባለቤት መሆን ሲገባው የተተወስ ማነው?» ብለው መጠየቅን ይልመዱ።

ለዚህም ተደራጊው ግስ ይረዳናል። አማርኛ «ተ»ን ከግሱ ፊት አድርጎ «ሸጠ»ን «ተሸጠ» ያደርገዋል። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ቃል ይፈልጋል፤ «ዘ ኦክስ ዎዝ ሶልድ» (በሬው ተሸጠ)። «ዎዝ» ከተረሳች በሬው ሻጭ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ በፈተናም «ማን አደረገው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይገለበጣል። በዚሁ መንገድ የብሩስን ዐረፍተ ነገር ምንጩን ባለቤት አድርገን «ዘ ስፕሪንግ ዎዝ ኖውን ቱ ዘ ፒፕል ኦፍ ሰከላ» ብንለው (ምንጩ በሰከላ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነበር) ሰዋስውም እውነትም አብረው ይቆማሉ።

ረ/ በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከካርቶን ቃላትን ቆርጠን ለልጆች እናድል። ሦስት ልጆች «ሺ»፣ «ኢዝ»፣ «ሲክ» የሚሉትን ይዘው ይሰለፉ። «አሁን ጥያቄ አድርጉት» ስንል «ኢዝ»ን የያዘው ልጅ ሮጦ ከፊት ይቁም። እግሩ የተማረውን ጭንቅላቱ አይረሳውም፤ ወጪውም ካርቶንና መቀስ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ምሳሌዎቻችን ልጁ ከሚያውቀው ይምጡ። በረዶ ዐይቶ ለማያውቅ ልጅ ስለ በረዶ መንሸራተት ከመጻፍ ስለ በርበሬ፣ ስለ ዳጉሳ፣ ስለ ድንችና ስለ ወንዝ ሙላት እንጻፍለት። ነገሩን ካወቀው ሐሳቡ ዐረፍተ ነገሩ ላይ ይውላል።

ሦስተኛ፣ ስሕተቱን ስናርም ከየት እንደመጣ እንንገረው። «ዘ ፋርመር ዘ ኦክስ ሶልድ» ያለ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ አማርኛውን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ ነው። «ይህ የአማርኛ ተራ ነው፤ የእንግሊዝኛው እንዲህ ነው» ብንለው ሳያፍር ይማራል። በክፍል የተሳቀበት ልጅ ግን አፉን ይዘጋል፤ አንድ ጊዜ የተዘጋን አፍ ማስከፈት ደግሞ ከሰዋስው ይከብዳል።

አራተኛ፣ እኛ ራሳችን የአማርኛውን ሰዋስው እናጥና። ከብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ እስከ ፕሮፌሰር ባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በሚል ስም የተጻፉ መጻሕፍት አሉን። የራሱን ቋንቋ ማሰሪያ ያላወቀ መምህር የሌላውን ቋንቋ ማሰሪያ ማስረዳት ይቸግረዋል።

መልመጃ

ሠልጣኞች ሆይ፣ የሚከተሉትን በየደብተራችሁ ሠርታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው።

1. «ዘ ቲቸር ዘ ቡክ ቦት» የሚለውን አስተካክሉ፤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣም ለአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

2. «ዘ ገርል ሶልድ ፔፐር» የሚለውን መጠይቃዊ አድርጉ። «ሶልድ» ምን ሆነ? ለምን?

3. «ኢት ሬይንድ» እና «ዊ ዌንት ቱ ስኩል» የሚሉትን በ«በት» ድርብ፣ በ«ኦልዞው» ውስብስብ አድርጉ።

4. «እህሉን ወቅቶ፣ በአህያ ጭኖ፣ ቡሬ ገበያ ወስዶ ሸጠው» የሚለውን ከሦስት በማይበልጡ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። በአማርኛው ውስጥ ቦዝ አንቀጾቹ ስንት ናቸው?

5. ስለምትመደቡበት አካባቢ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከአምስቱ አጥንቶች አንድ አንድ ምሳሌ ይሁን።

መምህራንም ከክፍላችሁ የሰበሰባችሁትን የተማሪዎች ዐረፍተ ነገር ያለ ልጆቹ ስም ብታካፍሉን በዚሁ ጋዜጣ ላይ አብረን እንመረምረዋለን። ልጁ ዐረፍተ ነገሩን ጽፎ ቀና ብሎ ሲያየን «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ማለት ቀላል ነው። ለምን እንደሆነ መንገር ግን የመምህር ሥራ ነው።